በደረቀ ወንዝ ውስጥ የሚፈስ ታሪክ

በሎስ አንጀለስ ከተማ ሰሜናዊ ክፍል፣ ሳን ፈርናንዶ በሚባለው ሰፊ ሸለቆ ውስጥ፣ በኮንክሪት የተገነባ ጥልቅ የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። ታሃንጋ ዋሽ ይባላል። ዝናብ ሲጥል ከተራራው የሚወርደው ውሃ ደፍርሶ ይጋልብበታል፤ በደረቁ ወራት ግን መሀሉ ላይ የምትታየው ቀጭን የውሃ መስመር ብቻ ናት። ከላይ ካለው የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ግን ዐይኑ ውሃው ላይ አይቆይም። የቦዩ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኗል። ከሰው ልጅ በፊት በአካባቢው ይመላለሱ የነበሩ ግዙፍ አራዊት አሉ፤ ነባር ሕዝቦች አሉ፤ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች፣ ጓዛቸውን ይዘው የሚጋዙ ቤተሰቦች፣ ወታደሮች፣ ዘፋኞች፣ ሯጮች አሉ።

ይህ የሎስ አንጀለስ ታላቁ ግንብ ነው። ርዝመቱ 840 ሜትር፣ ከፍታው 4 ሜትር ያህል ነው። የተሣለው ከ1976 እስከ 1983 ባሉት ዓመታት ውስጥ በአምስት የትምህርት ዕረፍት ወቅቶች ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሣሉት ከ400 በላይ የከተማዋ ወጣቶች ናቸው። መሪያቸው ጁዲ ባካ የምትባል የሜክሲኮ ዝርያ ያላት ሠዓሊት ነበረች።

ስለ ማኅበረሰብ የግድግዳ ሥዕል መማር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ግንብ የተሻለ መማሪያ አላውቅም። በእርሱ በኩል ሥራው ከየት እንደ መጣ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚኖርና እንዴት እንደሚጠፋ ማየት ይቻላል።

የማኅበረሰብ የግድግዳ ሥዕል ምንድን ነው?

ከተማ ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚታይ ሥዕል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለስላሳ መጠጥ ወይም ስልክ ለመሸጥ የተሣለ ማስታወቂያ አለ። አንድ ወጣት በሌሊት ስሙን የሚረጭበት ጽሑፍ አለ። አንድ ባለሀብት ሕንፃውን ለማስዋብ ታዋቂ ሠዓሊ ቀጥሮ የሚያሠራው ሥዕልም አለ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቦታ አላቸው፤ ነገር ግን የማኅበረሰብ የግድግዳ ሥዕል ከነዚህ ይለያል።

ልዩነቱን ለማወቅ ሦስት ጥያቄዎች መጠየቅ ይበቃል። የሚነገረው ታሪክ የማን ነው? የሣለው እጅ የማን ነው? ሥዕሉን የሚጠብቀውስ ማን ነው? ለሦስቱም መልሱ «በዚያ ሰፈር የሚኖሩት ሰዎች» ከሆነ፣ ያ የማኅበረሰብ የግድግዳ ሥዕል ነው። ሠዓሊው ሙያውን ያመጣል፤ ሰፈሩ ደግሞ ትዝታውን፣ ጉልበቱንና ባለቤትነቱን ያመጣል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሥዕሉ ሊያምር ይችላል፤ ግን ሰፈሩ ውስጥ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

የኖራው ሽፋንና የክብር ግድግዳ

የዚህ ጥበብ አንዱ ትልቅ ምንጭ ሜክሲኮ ናት። ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ የሜክሲኮ መንግሥት የሕዝብ ሕንፃዎችን ግድግዳ ለሠዓሊዎች ከፈተ። ማንበብና መጻፍ የማይችለው ሕዝብ ብዙ ነበርና ታሪኩን በሥዕል እንዲያነብ ታሰበ። ዲዬጎ ሪቬራ፣ ሆሴ ክሌሜንቴ ኦሮስኮ እና ዳቪድ አልፋሮ ሲኬይሮስ በዚህ ዘመን ስማቸው የገነነ ሦስት ታላላቅ ሠዓሊዎች ናቸው።

ሲኬይሮስ በ1932 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። በከተማዋ ጥንታዊ ሰፈር፣ በኦልቬራ ጎዳና፣ በአንድ ሕንፃ ፎቅ የውጭ ግድግዳ ላይ እንዲሥል ተጠየቀ። አሠሪዎቹ የጠበቁት ዘንባባና ወፎች ያሉበት፣ ለቱሪስት ዐይን የሚጥም ለምለም አገር ነበር። እርሱ ግን በመሀሉ በመስቀል ላይ የታሰረ የነባር ሕዝብ ሰው፣ ከበላዩም የአሜሪካንን ንስር ሣለ። ብዙ ሳይቆይ ከመንገድ የሚታየው ክፍል በነጭ ቀለም ተሸፈነ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ሙሉ ሥዕሉ ከዐይን ጠፋ። ሕዝብ እንደገና ሊጎበኘው የቻለው ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ የጥበቃ ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ ከደከሙበት በኋላ ነው። ቀለሙ ብዙ ደብዝዟል፤ የታሰረው ሰው ግን አሁንም ይታያል።

ሁለተኛው ምንጭ ቺካጎ ነው። በ1967 በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሠዓሊዎች ተሰባስበው በአንድ ያረጀ ሕንፃ ግድግዳ ላይ የሕዝባቸውን ጀግኖች ሣሉ። ማልኮም ኤክስ፣ ሙሐመድ ዓሊ፣ ደብልዩ ኢ ቢ ዱቦይስ እና ሌሎችም በዚያ ግድግዳ ላይ ነበሩ። ስሙን «የክብር ግድግዳ» አሉት። በዚያን ጊዜ በከተማዋ ሐውልቶችና ሙዚየሞች ውስጥ የራሳቸውን መልክ የማያገኙ ልጆች ከቤታቸው ወጥተው በመንገድ ማዶ ያገኙት ጀመር። ሕንፃው በ1971 ከደረሰበት ቃጠሎ በኋላ ፈረሰ፤ ሐሳቡ ግን ቀድሞ ወደ ሌሎች ከተሞች ተሻግሮ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ የማኅበረሰብ የግድግዳ ሥዕል ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ መነሻው ያ የፈረሰ ግድግዳ ነው።

ቀለሟን ጥግ ላይ ያገኘች ልጅ

ጁዲ ባካ በ1946 ሎስ አንጀለስ ተወለደች። ትምህርት ቤት ስትገባ የምታውቀው ቋንቋ ስፓኒሽ ነበር፤ በክፍል ውስጥ ግን ስፓኒሽ መናገር አይፈቀድም ነበር። መምህሯ ሌሎቹ ሲማሩ እርሷን ጥግ ላይ አስቀምጠው ቀለምና ወረቀት ይሰጧት ነበር። ቋንቋዋን ያጣች ልጅ በሥዕል መናገር የጀመረችው እዚያ ነው።

በ1970 አካባቢ ባካ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ሰፈሮች ከወጣቶች ጋር መሥራት ጀመረች። በዚያ የሚኖሩት ወጣቶች በቡድን የተከፋፈሉ ነበሩ፤ የአንዱ ሰፈር ልጅ የሌላውን ሰፈር ድንበር ሲሻገር ደም ሊፈስ ይችል ነበር። እርሷ ከሚጣሉት ቡድኖች የተውጣጡ ልጆችን ሰብስባ አንድ ግድግዳ ላይ አሠራቻቸው። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻቸው አንዱ በአንድ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ የተሣለ፣ እጆቿን ዘርግታ ልጆቹን የምታቅፍ አያት ናት። ሁሉም ቡድን አያት አለውና ያንን ግድግዳ የሚደፍር አልነበረም ቢባል ለማንም የሚገባ ነገር ነው።

ታላቁ ግንብ የመጣው ከዚህ ልምድ ነው። የሎስ አንጀለስ ወንዝ በ1938 ከተማዋን ባጥለቀለቀ ጊዜ ብዙ ሕይወትና ንብረት ጠፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ወንዙንና ታሃንጋ ዋሽን የመሰሉ ገባሮቹን በኮንክሪት ገንብቶ አሰራቸው። ጎርፉ ተገታ፤ ወንዙ ግን ቀድሞ የነበረው ወንዝ መሆኑ ቀረ። በ1974 ይኸው የመሐንዲሶች ክፍል በታሃንጋ ዋሽ ዳር ያለውን ቦታ ለማሳመር ሲነሣ ባካን አማከረ። እርሷም ኮንክሪቱን በምድሪቱ ገላ ላይ እንዳለ ጠባሳ አየችው፤ ሥዕሉም በጠባሳው ላይ የሚነቀስ ንቅሳት እንዲሆን አሰበች። ንቅሳት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የእናቶቻችን አንገትና ግንባር ላይ የምናውቀው፣ ጌጥም ማንነትም የሆነ፣ ሲነቀሱት የሚያም፣ ከተነቀሱት በኋላ የማይለቅ ምልክት ነው። ስለዚህ የባካን ሐሳብ የአማርኛ አንባቢ ያለ ብዙ ማብራሪያ የሚረዳው ይመስለኛል።

በ1976 ባካ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በቬኒስ ሰፈር፣ በድሮ ፖሊስ ጣቢያ ሕንፃ ውስጥ፣ የማኅበረሰብ ጥበብ ማዕከል አቋቋመች። በዚያው ዓመት የትምህርት ዕረፍት ወራት 80 ወጣቶች ወደ ቦዩ ወረዱ። ብዙዎቹ ከሕግ ጋር ተጋጭተው በፍርድ ቤት በኩል የተላኩ ነበሩ። ለሥራቸው ይከፈላቸው ነበር። ከእነርሱ ጋር ሠዓሊዎችና የታሪክ ባለሙያዎች ነበሩ። ፀሐይ ሲበረታ ኮንክሪቱ እንደ ምጣድ ይግላል፤ በዚያ ሙቀት ውስጥ የመጀመሪያውን 300 ሜትር ጨረሱ። ከዚያ በኋላ ሥራው በዐሥርት ዓመታት እየተከፈለ ቀጠለ፤ ለምሳሌ የ1940ዎቹ ታሪክ በ1981፣ የ1950ዎቹ በ1983 ተሣለ። ሥራው በደረቁ ወራት ብቻ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ቦዩ የጎርፍ ነው።

በግንቡ ዳር አብረን እንሂድ

ግንቡን ከመጀመሪያው የሚያይ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ሰው የሌለበትን ምድር ነው። ቀጥሎ አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት በዚያ ምድር ይኖሩ የነበሩ ሕዝቦች ይመጣሉ። ይህ ቅደም ተከተል ራሱ ትምህርት ነው፤ የከተማዋ ታሪክ በስፔናውያን መምጣት እንደማይጀምር አንድም ቃል ሳይጽፍ ይናገራል።

ከዚያ 1781 ይደርሳል፤ ሎስ አንጀለስ የተመሠረተችበት ዓመት። በስፔን መንግሥት ትእዛዝ ከሜክሲኮ በኩል መጥተው ከተማዋን የመሠረቱት 44 ሰዎች ነበሩ፤ 11 ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው። ከነዚህ ከግማሽ በላይ የሆኑት የአፍሪካ ዘር ነበረባቸው፤ ከሌሎቹም ብዙዎቹ የነባር ሕዝብ ተወላጆች ነበሩ። ብዙ ሰው የማያውቀውን ይህን እውነት ወጣቶቹ በመሥራቾቹ ፊት ቀለም ላይ አኖሩት። የራሱን ቆዳ የሚመስል ቀለም በጥብጦ የከተማዋን መሥራች ፊት የቀባ ልጅ ከዚያ በኋላ ከተማዋን እንዴት እንደሚያያት አስቡ።

በ1871 ከተማዋ ትንሽ ሳለች፣ በአንድ ምሽት የተነሣ ግርግር ቢያንስ 17 ቻይናውያንን ገደለ። ግንቡ ይህንን አይደብቅም። ወረድ ሲል 1930ዎቹ አሉ፤ ድርቅና የአቧራ ማዕበል ከመሀል አሜሪካ ያፈናቀላቸው ገበሬዎች ወደ ካሊፎርኒያ ይጎርፋሉ፤ በዚያው ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የሜክሲኮ ተወላጆች በባቡር ተጭነው ከአገር ይወጣሉ። ከተባረሩት ብዙዎቹ በትውልድ አሜሪካውያን ነበሩ። አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ፣ ሁለቱም ደሃ፣ ሁለቱም ጓዙን በጀርባው የተሸከመ፤ ጎን ለጎን ሲታዩ ንግግር አያስፈልጋቸውም።

1940ዎቹ ላይ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይመጣል። በ1942 በወጣ ትእዛዝ 120,000 ያህል የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነሥተው ወደ ማጎሪያ ተወሰዱ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። የእነርሱው ልጆች ግን በዚያው ጦርነት ለአሜሪካ ተሰልፈው ሲዋጉ ይታያሉ። የደም ፕላዝማን ለማቆየት በሠራው ሥራ በጦርነቱ ብዙ ሕይወት እንዲተርፍ ያደረገው ጥቁር ሐኪም ቻርልስ ድሩም በዚሁ ዘመን ይታያል። በ1943 ሰፋፊ ልብስ በመልበሳቸው ምክንያት በወታደሮች የተደበደቡት የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ወጣቶችም አሉ።

ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚናገረው የ1950ዎቹ ክፍል ነው። በቻቬዝ ራቪን የሚባል ሰፈር የሚኖሩ፣ ብዙዎቹ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ቤተሰቦች፣ የሕዝብ መኖሪያ ቤት ይሠራበታል ተብሎ ከቤታቸው እንዲነሡ ተደረገ። ቤቱ አልተሠራም። በቦታው ላይ በ1962 የቤዝቦል ስታዲየም ተከፈተ። በሥዕሉ ላይ ስታዲየሙ ከሰማይ እንደሚወርድ እንግዳ መንኮራኩር ይታያል፤ ከእርሱ ጋር አዲሶቹ አውራ ጎዳናዎች እንደ እባብ እየተጠማዘዙ የአንድ ቤተሰብ አባላትን ይለያያሉ። ሰፈሩ ፈርሶ ጎረቤቱ የተበተነበት ሰው ይህን ሥዕል ለመረዳት ስፓኒሽም እንግሊዝኛም ማወቅ አያስፈልገውም።

ግንቡ በስቃይ ብቻ አይሞላም። በመጨረሻው ክፍል ከ1948 እስከ 1964 የነበሩ የኦሊምፒክ ጀግኖች አሉ፤ በልጅነቷ በፖሊዮ ተይዛ በእግሯ ላይ ብረት ታስሮላት የነበረችው፣ በ1960 ሮም ላይ ሦስት ወርቅ ያገኘችው ጥቁር ሯጭ ዊልማ ሩዶልፍ ከእነርሱ አንዷ ናት። የአማርኛ አንባቢ የዚያን ዓመት ሮም በሌላ ምክንያት ያስታውሳታል፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠው በዚያው ኦሊምፒክ ነው።

ግድግዳው እንዴት ይሣላል?

የመጀመሪያው ሥራ ማዳመጥ ነው። በታላቁ ግንብ ሥራ የታሪክ ባለሙያዎች ሰነድ ፈተሹ፤ የየማኅበረሰቡ ሽማግሌዎችና እማኞች መጥተው ያዩትን ተናገሩ፤ ወጣቶቹ ሰሙ፣ ጠየቁ፣ ተከራከሩ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሠዓሊዎቹ ንድፍ የሚያወጡት። ንድፉም ወደ ሰዎቹ ተመልሶ ይታያል። «እናቴ እንዲህ ዓይነት ልብስ አትለብስም ነበር»፣ «ያ ሱቅ ከመንገዱ በዚህ በኩል ነበር» የሚል እርማት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ እርማት ሥዕሉን አንድ እርምጃ ወደ ባለቤቶቹ ያቀርበዋል።

ቀጥሎ ትንሹን ንድፍ ወደ ትልቁ ግድግዳ ማሳደግ ነው። ቀላሉና የቆየው ዘዴ ካሬ መሥራት ነው። በወረቀቱ ላይ መስመር ተሰምሮ በእኩል ካሬዎች ይከፋፈላል፤ ግድግዳውም በተመሳሳይ ቁጥር ባላቸው ትላልቅ ካሬዎች ይከፋፈላል። ለምሳሌ በወረቀቱ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነው ካሬ በግድግዳው ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሥዕሉ 25 ጊዜ አደገ ማለት ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ካሬ ይይዛል፤ በወረቀቱ ካሬ ውስጥ ያለውን መስመር በግድግዳው ካሬ ውስጥ ይደግመዋል። ሥዕል የማያውቅ ሰው እንኳን በትልቅ ሥዕል ውስጥ ትክክለኛ ድርሻ ሊኖረው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የዚህ ዘዴ ውበት በትምህርቱ ላይ ነው፤ የእኔ ካሬ ካንተ ካሬ ጋር ካልገጠመ የሰውየው ክንድ ይቆረጣል። ተጣልተው የመጡ ልጆች መስመራቸውን ለማገናኘት መነጋገር አለባቸው።

ግድግዳው ራሱም መዘጋጀት አለበት። ይታጠባል፣ የተሰነጠቀው ይደፈናል፣ ቀለሙ እንዲይዝ ሥረ ቀለም ይቀባል። ለውጭ ግድግዳ በአብዛኛው የሚመረጠው አክሪሊክ ቀለም ነው፤ በውሃ ይቀጥናል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ከደረቀ በኋላ ግን ውሃ አያስለቅቀውም። ሲያልቅ በላዩ ግልጽ መከላከያ ይቀባበታል፤ ይህም ፀሐይን በመጠኑ ይከላከላል፣ በላዩ የተረጨ ቀለምም ሥሩን ሳይጎዳ እንዲጸዳ ይረዳል።

ሌላም ዘዴ አለ። የግድግዳ ሥዕል ፕሮግራሟ በ1984 በሌሊት የሚረጨውን ጽሑፍ ለመቀነስ በተቋቋመ ክፍል ውስጥ የተጀመረላት የፊላደልፊያ ከተማ፣ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎች አሏት። በዚያ ብዙ ሥዕሎች የሚሠሩት ስስ በሆነ ጨርቅ ላይ ነው። ጨርቁ በቁራጭ ይከፈልና ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ አረጋውያን ማዕከል፣ ወደ እስር ቤት ጭምር ይሄዳል፤ መወጣጫ ላይ መውጣት የማይችሉ አያቶችና ከግቢ መውጣት የማይችሉ እስረኞች ተቀምጠው ይቀቡታል። ከዚያ ተሰብስቦ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ባካም አዲሱን የግንቧን ክፍል፣ የ1960ዎቹን ታሪክ፣ በ2023 እና በ2024 በሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ጎብኚ እያየ የሠራችው በጨርቅ ላይ ነው።

ይህን ዘዴ ስናነብ ልባችን መንቃት አለበት፤ የእኛም ነውና። በጣና ደሴቶች ገዳማት፣ በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ በሌሎችም ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የምናያቸው የግድግዳ ሥዕሎች ብዙዎቹ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ዓላማቸውም ከሜክሲኮው ጋር ይገናኛል፤ ማንበብ የማይችለው ምእመን ታሪኩን ከግድግዳው እያየ እንዲማር ነበር። እንግዲህ ግድግዳን እንደ መጽሐፍ ማንበብ እኛ ከማንም የተዋስነው ልምድ አይደለም።

የሥዕል ጠላቶች

የውጭ ሥዕል የመጀመሪያ ጠላቱ ፀሐይ ነው። ቀይና ቢጫ ብዙ ጊዜ ቀድመው ይደበዝዛሉ። ሁለተኛው ውሃ ነው፤ ከግድግዳው ኋላ የሚገባ እርጥበት ቀለሙን ከሥሩ እየፈነቀለ ይጥለዋል። ታላቁ ግንብ ከፀሐዩም ከጎርፉም አላመለጠም፤ በ2011 ሰፊ እድሳት ተደረገለት። በልጅነታቸው ከሣሉት መካከል አንዳንዶቹ ትልልቅ ሰዎች ሆነው ለእድሳቱ ተመልሰው መጡ።

ሦስተኛው ጠላት ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ የሕግ ክፍተት። ሎስ አንጀለስ የግድግዳ ሥዕል ዋና ከተማ ተብላ የምትታወቅ ሆና ሳለ፣ በግል ሕንፃዎች ላይ አዲስ ሥዕል መሣል ለዐሥር ዓመት ያህል ተከልክሎባት ነበር። ምክንያቱ ማስታወቂያ ነው። የከተማዋ ደንብ ማስታወቂያን ገድቦ ሥዕልን ይፈቅድ ስለ ነበር፣ የማስታወቂያ ድርጅቶች «ለእነርሱ ተፈቅዶ ለእኛ ለምን ይከለከላል?» ብለው ከሰሱ። ከተማዋ ማስታወቂያውን ለመግታት ስትል ሥዕሉንም አብራ ከለከለች። እገዳው የተነሣው በ2013፣ ምዝገባና ፈቃድ የሚጠይቅ አዲስ ደንብ ሲወጣ ነው። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ነባር ሥዕሎች ተቀብተው ጠፍተዋል።

ከጠላቶቹ ሁሉ የሚያድነው ጠባቂ ሰፈር ነው። በሳን ዲዬጎ ከተማ በሎጋን ሰፈር መሀል አውራ ጎዳናና ትልቅ ድልድይ ሲሠራ ብዙ ቤት ፈረሰ። ለነዋሪው ከድልድዩ ሥር መናፈሻ ይሠራል ተብሎ ቃል ተገብቶ ነበር። በሚያዝያ 1970 ግን የግንባታ መኪናዎች ለትራፊክ ፖሊስ ጣቢያ መሬቱን መቆፈር ጀመሩ። እናቶች፣ ተማሪዎችና ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው በመኪናዎቹ ዙሪያ ቆሙ፤ ቦታውን ለ12 ቀን አልለቀቁም። መናፈሻውን አገኙት። ከ1973 ጀምሮ የድልድዩ ምሰሶዎች በሥዕል ተሞሉ፤ በ2016 ቦታው ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ታላቁ ግንብም በ2017 በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገብቷል። መዝገቡ ክብር ነው፤ ግን ከመዝገቡ በፊት እጅ ለእጅ የተያያዘ ሰው ነበረ።

በፌርፋክስ ጎዳና

ሎስ አንጀለስ የሄደ ኢትዮጵያዊ ፌርፋክስ ጎዳናን ያውቃታል። እንጀራና ቡና የሚሸትባት፣ በአማርኛ የተጻፈ ምልክት የሚታይባት የጎዳናው ክፍል በ2002 በከተማዋ ምክር ቤት «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብላ በይፋ ተሰየመች። በዚያው ጎዳና ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲኬድ በ1985 የተሣለ የማኅበረሰብ ሥዕል አለ። በሎስ አንጀለስ የአይሁድን ማኅበረሰብ ታሪክ ከድሮ ፎቶግራፎች ተነሥቶ የሚያሳይ ሲሆን፣ ወጣቶችና አረጋውያን አብረው የሠሩት ነው። የአያቶቹን ፎቶግራፍ አውጥቶ ግድግዳ ላይ ያኖረ ጎረቤት አለን ማለት ነው። በከተማዋ መሀል ደግሞ በ1989 የተሠራ፣ 25 ሜትር ርዝመት ያለው የመታሰቢያ ግድግዳ አለ፤ በባርነት ተወልዳ፣ በ1856 በፍርድ ቤት ነፃነቷን አስከብራ፣ በአዋላጅነት ሠርታ መሬት የገዛችውን የቢዲ ሜሰንን ሕይወት በየዐሥርት ዓመቱ ይተርካል።

በዚያች ከተማ በስደት የኖረው የኢትዮጵያውያን ትውልድ የራሱ ታሪክ አለው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ አገር ጥሎ የወጣ ተማሪ፣ በሱዳን በኩል በእግር የተጓዘች እናት፣ ሌሊት ታክሲ እየነዳ ቀን የተማረ አባት፣ የመጀመሪያዋን ምግብ ቤት ስትከፍት ጤፍ ያጣች ባለሙያ፤ እንዲህ ያለ ታሪክ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ይህ ትውልድ አሁን ሸምግሏል። ልጆቹ ደግሞ ታሪኩን በግማሽ አማርኛ፣ በግማሽ እንግሊዝኛ ሰምተውታል፤ አንዳንዱንም ጭራሽ አልሰሙትም። አዲስ አበባም ቢሆን ሰፈር በሚፈርስበትና በሚሠራበት በዚህ ዘመን፣ ጎረቤት ሲበተን የሰፈሩ ትዝታ አብሮ እየተበተነ ነው። ዋሽንግተንም፣ ቴል አቪቭም፣ ስቶክሆልምም ይሁን፣ የትም ያለን ሰዎች ሦስቱን ጥያቄዎች ለራሳችን ማቅረብ እንችላለን፤ ታሪኩ የማን ነው፣ እጁ የማን ነው፣ ጠባቂውስ?

በ1983 የታላቁ ግንብ ሥራ ሲቆም፣ ከሯጮቹ ቀጥሎ ያለው ኮንክሪት ባዶውን ቀረ። በ2021 አንድ ትልቅ የበጎ አድራጎት ድርጅት 5 ሚሊዮን ዶላር እስኪሰጥና ግንቡ እስከ ዘመናችን እንዲቀጥል መንገድ እስኪከፈት ድረስ ባዶው ኮንክሪት ወደ አርባ ዓመት ያህል ጠበቀ። ኮንክሪት መጠበቅ ይችላል። የሚተርኩት ሰዎች ግን አይጠብቁንም። ስለዚህ ቀለም ከመግዛት፣ ግድግዳ ከመፈለግ፣ ፈቃድ ከመጠየቅ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ፤ በሚቀጥለው እሑድ ከቡና በኋላ ከቤተሰቡ ታላቅ አጠገብ ተቀምጦ፣ ስልኩን ለመቅጃ ከፍቶ፣ «እዚህ መጀመሪያ የመጣችሁ ቀን ምን ይመስል ነበር?» ብሎ መጠየቅ።